«ብርቅ» ማዕድን ሁሉ ውድ አይደለም፦ ኖሪሻይትን እንደ ምሳሌ

ዛሬ ከቡናና ከእህል ትንሽ ወጣ እንበል። ሰሞኑን በኢንቦክስ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ፎቶ የሚልኩልኝ በዝተዋል። «ማንጋኒዝም ሊቲየምም አለበት ይላሉ፣ ብርቅ ነው፣ ስንት ያወጣል?» ነው ጥያቄው። እስቲ ሁለቱንም የያዘ፣ በእርግጥም ብርቅ የሆነ አንድ ማዕድን እንይ፤ ስሙ ኖሪሻይት ይባላል።

ኖሪሻይት የማይካ ዘር ነው። ማይካ ያው እንደ መጽሐፍ ገጽ በስሱ የሚላጠው፣ የሚያብለጨልጨው ነው፤ ተራው ማይካ በየግራናይቱ አለ። ኖሪሻይት ግን ጥቁር ሲሆን በ1989 እ.ኤ.አ. ነው ለዓለም የተዋወቀው። የተገኘው አውስትራሊያ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት፣ ግሬንፌል ከተማ አጠገብ በሚገኘው የሆስኪንስ የማንጋኒዝ ማውጫ ነው። ስያሜው ለአውስትራሊያዊው የአፈር ሳይንቲስት ለኪት ኖሪሽ መታሰቢያ ነው።

ለምን ብርቅ ሆነ?
ነገሩ የሚጀምረው ከጥንት ባሕር ወለል ነው። ማንጋኒዝና ሲሊካ የበዛበት ደለል ይከማቻል፣ ይቀበራል፣ በሙቀትና በግፊት ይለወጣል። እስከዚህ ድረስ በብዙ አገር ያለ ነው። ለምሳሌ ጃፓን አይቺ ውስጥ ባለው የታጉቺ ማውጫ ሺሮዙላይት የሚባል ሌላ የማንጋኒዝ ማይካ ተገኝቷል፤ እሱ ግን የተፈጠረው አለቱ ብዙ ኦክስጅን ባላገኘበት ሁኔታ ነው። ለኖሪሻይት ተጨማሪ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ አለቱ እጅግ የኦክስጅን ጫና ያለበት መሆን፣ ደግሞም ሊቲየም በቦታው መገኘት። ማንጋኒዙ ከመጠን በላይ ኦክሳይድ ስለሚሆን፣ ተራ ማይካ በውስጡ የሚይዘው ሃይድሮጅን እንኳ ቦታ ያጣል። እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ የሚገጥሙት ከስንት አንዴ፣ ያውም በጠባብ ቦታ ነው። ብርቅ የሆነውም፣ መጠኑ ያነሰውም በዚሁ በአንድ ምክንያት ነው።

ወደ ዋጋው እንምጣ
በቀመሩ ስናሰላ ንጹህ ኖሪሻይት 24 በመቶ ገደማ ማንጋኒዝ አለው። የዓለም ገበያ መነሻ የሚያደርገው ደግሞ 44 እና 37 በመቶ ነው። ከግማሽ በላይ ክብደቱ ሲሊካ ስለሆነ የማቅለጫ ገዢ ጭራሽ አይወደውም። በሊቲየም በኩልስ? በሊቲየም ኦክሳይድ 3.2 በመቶ ገደማ ይሆናል። ቻይና ይቹን አካባቢ የሚቆፈረው የሊቲየም ማይካ አለት ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ግን በተራራ ልክ ስላለ ፋብሪካ ቆሞበታል። ኖሪሻይትን ለሊቲየም ብሎ የሚቆፍር የለም፤ የሚፈልጉት ተመራማሪዎችና ድንጋይ ሰብሳቢዎች ናቸው።

ልብ በሉ፣ 3.2 የንጹህ ማዕድኑ ይዘት ነው፤ ከ1 በታች ያልነው ደግሞ ከነአፈሩ ከነድንጋዩ የሚወጣው አለት ይዘት ነው። ደላላ ሁለቱን ቀላቅሎ ሲያወራ ነው ሰው የሚበላው።

ቡና ላይ ሦስት ኬሻ የተለየ ጣዕም ያለው ቢኖራችሁ ጥሩ የሚከፍል ገዢ ይገኛል። የማንጋኒዝ ማቅለጫ ግን መርከብ ሙሉ፣ አንድ ዓይነት ይዘት ያለው ጭነት ነው የሚጠብቀው። ሂሳቡም የሚሠራው እርጥበት ተቀንሶ፣ በደረቅ ቶን፣ በእያንዳንዱ 1 በመቶ ይዘት ነው። ለምሳሌ አንዱ በመቶ 4 ዶላር ቢሆን፣ 44 በመቶ ያለው ደረቅ ቶን 176 ዶላር ነው። ከዚህ ላይ ትራንስፖርቱንና የወደብ ወጪውን ቀንሱ።

እኛም አገር ጉጂ ዞን ቀንጢቻ ታንታለምና ሊቲየም ያለበት አለት አለ፤ ስለዚህ ጥያቄያችሁ ከንቱ አይደለም። ብቻ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

✅ የላብራቶሪው ውጤት ከተመረጠ አንድ ድንጋይ ነው ወይስ ከየቦታው ከተወሰደ ናሙና?
✅ ስንት ቶን አለ፣ ማን ለካው?
✅ ሲሊካውና እርጥበቱ ስንት ነው?
✅ የማዕድን ፈቃዱ በማን ስም ነው?
✅ በጽሑፍ ያረጋገጠ ገዢ አለ?

«ብርቅ ነው» የሚለው ቃል ከእነዚህ አንዱንም አይመልስም።

ነገ ወደ ቡናችን እንመለሳለን። መልካም ገበያ!