የቪዲዮ ኢንኮዲንግ ሶፍትዌር መቋረጥ

የቪዲዮ ኢንኮዲንግ ሶፍትዌር መቋረጥ እንደ ሃንድብሬክ ያለ ፕሮግራም ቪዲዮ እየጨመቀ ሳለ በድንገት ሲዘጋ የሚፈጠር ችግር ነው። ሥራው ፕሮሰሰሩን ለረጅም ጊዜ በሙሉ አቅሙ ስለሚያሠራ፣ በሌላ ጊዜ የማይታይ የኮምፒውተር ችግር ያን ጊዜ ይገለጣል።

ምክንያቱን መለየት

ፕሮግራሙ ሁልጊዜ ቪዲዮው አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ከተዘጋ፣ ጥፋቱ በአብዛኛው የምንጩ ፋይል ነው። ቦታው ከተለዋወጠ ሙቀት፣ ራም ወይም የኃይል አቅርቦት ይጠረጠራል። አዲሱ ፋይል 4 ጊጋባይት ሲሞላ ከቆመ፣ የሚቀመጥበት ፍላሽ ወይም ዲስክ ፎርማት ፋት32 ሊሆን ይችላል፤ ይህ ፎርማት ከዚያ የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም።

ፋይሉን ማትረፍ

ኤምፒ4 ፋይል ማውጫው በተለምዶ የሚጻፈው በመጨረሻ ነው። ስለዚህ በዲላ የተቀረጸ የጌዴኦ ዘመን መለወጫ፣ የዳራሮ በዓል ቪዲዮ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ቢጠፋ፣ አዲሱ ፋይል አይከፈትም። ኤምኬቪ ግን አብዛኛውን ጊዜ እስከተቋረጠበት ድረስ ይታያል። ስለሆነም መጀመሪያ በኤምኬቪ ማስቀመጥ፣ ሲያልቅም በኤፍኤፍኤምፔግ ዳግም ሳይጨምቁ ወደ ኤምፒ4 ማዛወር ይመረጣል። አዲሱ ፋይል እስከ መጨረሻው ታይቶ ሳይረጋገጥ ዋናው ቅጂ መጥፋት የለበትም።