የበርበሬውን አፈር በሣር እንያዝ

አዲስ አበባ መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ የገባ ነጋዴ ከጆንያው እፍኝ ዘግኖ ቀለሙን ያያል፣ ያሸታል፤ የሀላባ ወይም የማረቆ መሆኑን ለይቶ ዋጋ ይቆርጣል። ዛላውን ያበቀለው አፈር ግን በገበያ አይመዘንም። ይህን መመዘን ያለባቸው የልማት ሠራተኛውና የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ናቸው።

እንደሚታወቀው በርበሬ በመስመር ተራርቆ ይተከላል። ችግኙ ወደ ማሳ በሚዛወርበት በክረምቱ መግቢያ አብዛኛው መሬት ያለ ሽፋን ስለሚቆይ ዝናቡ አፈሩን ይፈረካክሳል፣ ጎርፉም ይጠርገዋል። በስምጥ ሸለቆ፣ በቢላቴ ተፋሰስ በሚገኘው የሀላባ አካባቢ ብዙ መሬት በቦረቦር ተቆርጧል። ጎርፉ የሚጠነክረው ደግሞ በማሳው ራስጌ ያለው ተዳፋት በልቅ ግጦሽ ሲራቆት ነው። ስለሆነም ሥራው ከላይ ይጀመራል።

ለዚህ ሥራ ሁለት ሣሮች ይመከራሉ። ቬቲቨር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ ጅማ የምርምር ጣቢያ የገባ ሲሆን፣ በ1980ዎቹ ሰዎች ለሰዎች ድርጅት በመቱ ዙሪያ በስፋት አሰራጭቶታል። ሥሩ ቀጥ ብሎ እስከ 3 ሜትር ይወርዳል፤ የሚበቅል ዘር ስለማይሰጥም በማሳ ውስጥ አረም አይሆንም። ደሾ በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻ የታወቀ የአገራችን ሣር ነው፤ ከብት ይወደዋል። በመሆኑም ቬቲቨር ለጎርፍ መግቻ፣ ደሾ ለእርከን ጠርዝና ለመኖ ይመረጣሉ።

አተካከሉ እንደሚከተለው ነው።

ሀ) ተዳፋቱን አግድም የሚያቋርጠውን መስመር በውሃ ልክ ቀይሱ። ከአንዱ መስመር እስከ ቀጣዩ ያለው የቁልቁለት ልዩነት 1 ሜትር ይሁን። መቶ ሜትር ሲኬድ 10 ሜትር በሚወርድ መሬት ላይ ይህ በየ10 ሜትሩ ማለት ነው።

ለ) ጉቻውን ነቅላችሁ ሁለት ሦስት ቡቃያ ያለው ግንጣይ አዘጋጁ። ቅጠሉን በ20፣ ሥሩን በ10 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ።

ሐ) ዝናቡ እንደጸና ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር አራርቃችሁ ትከሉ። የደረቀውን በዚያው ክረምት ተኩ። ጎርፍ አንድ ክፍተት ካገኘ በዚያው ይሰበሰብና አዲስ ቦረቦር ይከፍታል።

መስመሩ ሲገጥም ውሃው ይረጋጋል፣ ደለሉም ከሣሩ ጀርባ ተከማችቶ ከጊዜ በኋላ እርከን ይሠራል።

ከተከላው የሚከብደው ግን ጥበቃው ነው። ገና ሥር ያልሰደደ ግንጣይ ከብት ከጎተተው ከነሥሩ ይነቀላል። ቦታው ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ይሁን ሲባል ደግሞ ግጦሹን የሚያጣ ሰው አለ፤ ብዙውን ጊዜ ይህ ሰው ሌላ መሬት የሌለው ነው። ስለዚህ ማኅበሩ ከተከላው በፊት ተሰብስቦ ማን እንደሚያጭድ፣ መቼ እንደሚታጨድና ለማን ምን ያህል እንደሚደርስ በመተዳደሪያ ደንቡ ይወስን። አጭዶ መመገብም በቅድሚያ ግጦሹን ካጣው ሰው ይጀመር። ድርሻው ሳይታወቅ የተተከለ ሣር ጠባቂ አይኖረውም።