ምልክቱ ምድጃውን ያውቃል፤ መንዝን ግን አያውቅም

መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ላይ ምግብ ቤት ሊከፍት ያሰበ ሰው መርካቶ ወርዶ የጋዝ ምድጃ ሲያማርጥ፣ ሻጩ ምድጃው ጀርባ ላይ ያለውን «ሲኢ» (CE) በጣቱ እያሳየ «አውሮፓ የመሰከረለት ነው» ይለዋል። ነገሩ ግማሹ ተረት ነው። ሲኢ አምራቹ «የአውሮፓን ሕግ አሟልቻለሁ» ብሎ ራሱ የሚለጥፈው ምልክት ነው፤ ብዙው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሌላ መርማሪ ሳያየው ይለጠፍበታል። በጋዝ ምድጃ ላይ ግን ሕጉ ጠበቅ ይላል፤ ናሙናውን ገለልተኛ ተቋም መፈተሽ አለበት፤ ከምልክቱ አጠገብም የተቋሙ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ይሰፍራል። እኔ ብሆን ቁጥሩ የሌለበትን ምድጃ ዋጋውንም አልጠይቅ።

«የኢትዮጵያ ደረጃ ወጥቶለታል እኮ» የሚልም አይጠፋም። ደረጃ የሚያወጣው መሥሪያ ቤትና ዕቃውን በደረጃው የሚመዝነው ድርጅት በ2003 ዓ.ም. ተለያይተዋል። ደረጃ መኖሩ የእርስዎ ምድጃ ተመዝኗል ማለት አይደለም።

የመንዝ ጉዳይ ግን ከወረቀትም ያልፋል። «የተመሰከረለት ዕቃ የትም ይሠራል» ይባላል። መሐል ሜዳ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ አየሩ የሚይዘው ኦክስጅን ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ለቆላ የተስተካከለ ምድጃ ጋዙን እንደለመደው ሲለቅ አየሩ አይበቃውም። ነበልባሉ ከሰማያዊነት ወደ ቢጫ ይዞራል፣ የድስቱ ቂጥ ይጠቁራል፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ብርዱን ፈርቶ በሩን የዘጋ ማድ ቤት ደግሞ ይህን መርዝ ያጠራቅማል። ለዚህ ምድጃ መለወጥ አያስፈልግም፤ ጋዙ የሚወጣባትን ቀዳዳ ባለሙያ በከፍታው ልክ በጠባብ ይቀይራታል። የመርሐቤቴው ዓለም ከተማ ከመሐል ሜዳ ዝቅ ስለሚል፣ እዚያ ደኅና የነደደው ምድጃ መንዝ ሲወጣ ሊያስቸግር ይችላል።

ውርጭ ባደረበት ጠዋት ምድጃው አልነድ ሲል «ጋዙ አለቀ» ይባላል። ሲሊንደሩን ወዝወዝ ቢያደርጉት ፈሳሹ ውስጡ አለ። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ቡታን ከሆነ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መትነኑ እጅግ ይዳከማል፤ ፕሮፔን ግን ከዜሮ በታች እስከ 42 ዲግሪ ድረስ ይተናል። ሲሊንደሩን ከሰል አጠገብ ማስጠጋት የለየለት እብደት ነው፤ ፀሐይ እስክትሞቅ ይጠበቅ።

ጋዝ ሲሸት መስኮት መክፈት ይበቃል የሚሉም አሉ። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል ተኝቶ እሳት ይጠብቃል። ከፍ ብሎ የተሠራ መስኮት አያስወጣውም፤ በሩ ወለል ብሎ መከፈት፣ ከግድግዳው ሥርም መተንፈሻ መኖር አለበት።

ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ «ትንሽ ይነዝራል እንጂ ደኅና ነው» ይባላል። የነዘረ ምጣድ ወይ የውስጡ ሽቦ ገላውን ነክቷል፣ ወይ የመሬት ሽቦው አልተያያዘም፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱም ናቸው። የትኛውም ማረጋገጫ የመሬት ሽቦ ይዞ አይመጣም። ጋጋሪዋን የላስቲክ ጫማዋ ለጊዜው ያድናታል፤ በባዶ እግሯ እርጥቡ ወለል ላይ ቆማ ምጣዱን የምትወለውለውን ልጅ ግን አያድናትም።