መሬት ያልደረሰው ልጅ ምን ይብላ?

ዛሬ የምናነበው በየቤታችን ስላለ አንድ ችግር ነው። ልጅ ያድጋል፤ መሬት ግን አያድግም።

እስቲ አንድ አባት እናስብ። መሬቱ 4 ጥማድ ነው። ይህ በብዙ ቦታ ወደ 1 ሄክታር፣ ማለትም ወደ 10,000 ካሬ ሜትር ይሆናል። ልጆቹ 5 ናቸው። ለሁሉም እኩል ቢያካፍል ለያንዳንዱ ስንት ይደርሰዋል? 10,000ን ለ5 ስናካፍል 2,000 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ጥማድ እንኳ አይሞላም። ታዲያ በዚህ ላይ ጎጆ ወጥቶ ሚስትና ልጅ መቀለብ ይቻላል ወይ? አይቻልም።

ይህ የሚሆነው ወጣቱ ሰነፍ ስለ ሆነ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ ወጣቱ ገንዘብ ቢያገኝ እንኳ መሬት ገዝቶ ባለ እርሻ ሊሆን አይችልም። ለምሳሌ በአማራ ክልል ሰፊ የመሬት ድልድል የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ እናቱ ጀርባ ላይ የነበረው ሕፃን ዛሬ ራሱ የልጆች አባት ሆኗል። የብዙው ወጣት ተስፋ ከወላጅ መውረስ፣ መከራየት፣ ወይም የሰው መሬት በእኩል ማረስ ነው።

ሌላው ምን ያደርጋል? አንዱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ቆላ ይወርዳል፤ አንዳንዱም ወባ ይዞ ይመለሳል። ሌላው ከተማ ገብቶ ሸክም ይሸከማል። እህቱ ደግሞ ዐረብ አገር ሄዳ የሰው ቤት ታገለግላለች። ሁሉም ጉልበቱን ይሸጣል። ጉልበት ደግሞ ሲታመሙ ይቆማል፤ ሲያረጁ ያልቃል።

አንድ ሌላ መንገድ አለ። እሱም የእጅ ሙያ ነው።

የናቅነው ማን ነው?

ልጁ «አባባ፣ ብረት ሥራ ልማር» ቢል ብዙ አባት ምን ይላል? «የኔ ልጅ ቀጥቃጭ ሊባል ነው? እኔ ከሞትሁ በኋላ ይሁን!» ይላል። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ»፣ ቆዳ ሠሪውን «ፋቂ»፣ ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» ብለን የምንሳደብ ብዙዎች ነን።

ግን እስቲ እናስተውል። ያረስንበትን ማረሻ ማን ሠራው? የለበስነውን ጋቢ ማን ሸመነው? ወጡ የሚበስልበትን ድስት ማን አበጀው? ያለ ብረት ሠሪ ገበሬ የለም። በሬና ዘር ቢኖረን እንኳ ያለ ማረሻ ምን ልናደርግ ኖሯል? ሰዎች በዓይናቸው ሰውን ይበላሉ የሚለውም ወሬ እውነት አይደለም። በሽታን የሚያመጡ ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያን፣ የተበላሸ ምግብና ቆሻሻ ውኃ ናቸው እንጂ የሸክላ ሠሪዋ ዓይን አይደለም።

ይህ ንቀት አገር እንደሚጎዳ የታወቀው ዛሬ አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነግረው ነበር። በኋላም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ተጀመረ። በነዚያ ዓመታት በየአውራጃው የሙያ ማሠልጠኛ ጣቢያዎች ተከፍተው ገበሬዎች ብረት ሥራ፣ እንጨት ሥራ፣ ግንበኝነት፣ ሽመናና ልብስ ስፌት ይማሩ ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን ከአፋችን ገና አልጠፋም።

ሙያ ማለት ምን ማለት ነው?

አንዳንድ ሰው «ብረት መቀጥቀጥ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?» ይላል። በአንድ ማጭድ ብቻ እንመልከተው።

ብረት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ለቤት ሥራ የሚውለው ተራው ፌሮ ለስላሳ ነው። ማጭድ ቢሠሩበት ስለቱ ቶሎ ይዶለዱማል። የመኪና ባሌስትራ ግን ጠንካራ ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? በብረቱ ውስጥ ካርቦን የሚባል ነገር አለ። ካርቦን ማለት ከሰል በብዛት የተሠራበት ነገር ነው። በፌሮው ውስጥ ያለው ካርቦን ጥቂት ነው፤ በባሌስትራው ውስጥ ያለው ግን ይበልጣል። የሠለጠነ ሰው ማጭዱን ከባሌስትራ ይሠራል።

ብረቱን በከሰል እሳት ያግለዋል፤ በወናፍ ያናፋል፤ በጉጠት ይዞ በመስፍ ላይ በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል። ቅርጹ ከወጣ በኋላ እንደ ገና እስኪቀላ ያግለዋል። የብረቱ ቀለም በፀሐይ ስለማይለይ ሥራው ጥላ ውስጥ ነው። ደኅና አድርጎ ሲቀላ ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። በውኃ ቢነክረው ቶሎ ስለሚበርድ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሥራው ግን በዚህ አላለቀም። አሁን ብረቱ እንደ መስታወት ሆኗል፤ ይጠነክራል፣ ግን ድንጋይ ቢነካው ይሸረፋል። ስለዚህ በሞረድ ወይም በአሸዋ ይወለውለውና ቀስ ብሎ እሳት ዳር ያሞቀዋል። የተወለወለው ፊት እንደ ገለባ ቢጫ ሲሆን ያወጣዋል። ቢጫው ካለፈና ሰማያዊ ከሆነ ለማጭድ ይለሰልሳል። አያችሁ? ጥሩ ማጭድና መጥፎ ማጭድ የሚለዩት ቀለምን አይቶ በሰዓቱ በማውጣት ነው። ይህን ያወቀ ወጣት የሚሠራው ማጭድ አዝመራ ሙሉ ያጭዳል። ይህን የማያውቅ የሚሠራውን ገዢ በሁለተኛው ገበያ መልሶ ያመጣለታል።

ግንበኛም እንዲሁ ነው። የቤት ማዕዘን ካልተስተካከለ ጣሪያው አይገጥምም። የተማረ ግንበኛ ገመድና ቁጥር ይዞ ያስተካክለዋል። ከማዕዘኑ ተነሥቶ በአንዱ ግድግዳ በኩል 3 ሜትር፣ በሌላው በኩል 4 ሜትር ይለካል። ሁለቱን ምልክቶች የሚያገናኘው ገመድ ልክ 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ብሏል። ከ5 ሜትር ካነሰ ወይም ከበለጠ ጠሟል። እናንተም በጓሯችሁ ችካል ተክላችሁ ሞክሩት። ቁጥር ማወቅ ለዚህ ነው የሚጠቅመው።

ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች

ሙያ የወንዶች ብቻ አይደለም። ያለ ዕድሜዋ ተድራ ትምህርቷን ያቋረጠች፣ ባሏ የሞተባት ወይም የፈታት ሴት ከሁሉም የባሰ ችግር ያገኛታል። ለእርሷ ከሚሆኑት ሥራዎች አንዱ ምርጥ የሚባለውን የእንጀራ ምድጃ መሥራት ነው። ይህ ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ፣ ወይም አሸዋን ከሚተካ ቀላል ድንጋይ ተቦክቶ በቅርጽ እየተጣለ ይሠራል። ክፍል ክፍሉ ከደረቀ በኋላ ይገጣጠማል። እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልለው ሙቀቱ ከምጣዱ ሥር አይወጣም። በሦስት ጉልቻ ከሚነድደው እሳት ጋር ሲተያይ እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል። እንግዲህ አንዲት ሴት ይህን ሙያ ብትማር ለራሷ ገቢ ታገኛለች። ጎረቤቶቿም ከእንጨት ለቀማ ይተርፋሉ፤ ዛፉም ይተርፋል።

እግሩ የማይሄድ ወጣት ብዙ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ወይም መንገድ ዳር ተቀምጦ ሲለምን እናያለን። ግን እጁ ደኅና ነው። የስፌት መኪና በእግር የሚረገጥ ብቻ አይደለም፤ በእጅ የሚዞርም አለ። በዚያ ተቀምጦ ልብስ መስፋት ይችላል። ጫማ መስፋትም ይችላል። ጆሮው የማይሰማም ልጅ እንጨት ሥራን አይቶ ይማራል፤ ዓይኑና እጁ ይበቁታል። ልጆቻችንን ቤት ውስጥ ከምንደብቃቸው እጃቸው የሚችለውን እንይ።

ሙያ ያለ ሒሳብ አይበላም

ብዙ ባለ ሙያ ሠርቶ ሠርቶ ባዶ እጁን ይቀራል። ለምን? ያወጣውን ስለማይጽፍ ነው። እናንተ ግን አሁን መጻፍ ችላችኋል። ይህን ምሳሌ ተመልከቱ። ዋጋው በየገበያው ይለያያል፤ ቁጥሩ የተጻፈው ሒሳቡን ለማሳየት ብቻ ነው።

ለ10 ማጭድ የወጣ ወጪ፦
ብረት 900 ብር
ከሰል 300 ብር
እጀታ 100 ብር
ድምር 1,300 ብር

አንዱ ማጭድ በ200 ብር ቢሸጥ 10ሩ 2,000 ብር ያወጣሉ። ከ2,000 ላይ 1,300 ሲቀነስ 700 ብር ይተርፋል። ሥራው 4 ቀን ከፈጀ የቀን ገቢው 175 ብር ነው። ወጣቱ ይህን በደብተሩ ከጻፈ ይህ ሥራ ከቀን ሥራ ይሻል ወይስ አይሻል እንደ ሆነ ራሱ ያውቀዋል። ከትርፉም 100 ብር ለመዶሻና ለሞረድ መግዣ ያስቀምጣል። ያላስቀመጠ ግን መሣሪያው ሲያልቅ ሙያውም አብሮ ያልቃል።

ምን ያስፈልጋል?

እውነቱን እንነጋገር። ሥልጠና ብቻውን ሆድ አይሞላም። ሠልጥኖ የምስክር ወረቀት ይዞ ቤቱ የተቀመጠ ወጣት አለ። ይህ የሚሆነው በሦስት ምክንያት ነው።

አንደኛ፣ መሣሪያ የለውም። መዶሻና ወናፍ የሌለው ብረት ሠሪ በሬ እንደሌለው ገበሬ ነው። ሁለተኛ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሙያ ይማራል። በአንድ ቀበሌ 20 ልብስ ሰፊ ቢኖር ሁሉም ይራባሉ። ስለዚህ ከመማር በፊት «በኛ ገበያ የሚፈለገው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሦስተኛ፣ ገንዘብ የሚያበድረው የለም። ብቻውን መሣሪያ መግዛት ያልቻለ ከጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ ይግዛ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለም?

የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች በብዙ ከተሞች አሉ። ሥልጠናው በደረጃ የተከፈለ ነው፤ አጫጭር ሥልጠናም አለ። ሙያውን ከአባቱ ወይም ከእናቱ የተማረ ልጅስ? እሱም ቢሆን የብቃት ምዘና ወስዶ ካለፈ የምስክር ወረቀት ሊያገኝ ይችላል። የሸማኔ ልጅ፣ የብረት ሠሪ ልጅ፣ ዕውቀቱ እጁ ላይ ነው። ስለዚህ በወረዳችሁ ያለውን ማሠልጠኛ ሄዳችሁ ጠይቁ። ምን እንደሚያስተምር፣ ስንት ወር እንደሚፈጅና ምን እንደሚያስከፍል ጽፋችሁ ተመለሱ።

የኛ ድርሻ

ወጣቱ የራሱን ድርሻ ይሠራል። የቀረው የኛ ነው። ልጁ የሠራውን ማጭድ ሳንገዛ ከከተማ የመጣውን ብንገዛ እሱም ነገ ወደ ከተማ ይሄዳል። ሥራው ጥሩ ከሆነ እንግዛው፤ ካልሆነም ጉድለቱን እንንገረው፤ አስተካክሎ ያመጣዋል። ለሠርግ እንጥራው፤ አብረን እንብላ፤ ልጁን ለልጃችን እናጭ። ወጣትን ከሙያ የሚያርቀው የብረቱ ክብደት አይደለም፤ የኛ ስድብ ነው።

እንግዲህ ልጁ «አባባ፣ ብረት ሥራ ልማር» ሲል አባት እንዲህ ብሎ ቢመልስስ? «ተማር ልጄ። ለአምስታችሁ የሚበቃ መሬት የለኝም። የመጀመሪያውን ማረሻ ግን ለኔ ትሠራልኛለህ።»

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችን መሬት ያልደረሳቸው ወጣቶች ስንት ናቸው? ቆጥራችሁ ጻፉ።
2. ለማጭድ ከፌሮ ይልቅ ባሌስትራ የሚሻለው ለምንድን ነው?
3. በገበያችን ከሌላ ቦታ እየመጡ የሚሸጡ ዕቃዎች የትኞቹ ናቸው? ከነዚህ ውስጥ እዚሁ ሊሠሩ የሚችሉትን ለዩ።
4. አንዲት ሴት ለ5 ምድጃ 1,500 ብር አውጥታ አንዱን በ450 ብር ብትሸጥ ስንት ታተርፋለች?
5. ባለ ሙያን የምንሰድብባቸው ቃላት የትኞቹ ናቸው? እንዲቀሩ ምን እናድርግ?