ሄግ ሩቅ ነው፤ ፊርማው ግን ቀን አለው

ከጠረጴዛዬ ላይ ያልተነሣ አንድ ጉዳይ አለ። የመዝገብ ቁጥር የለውም፤ የትም አላስገባሁትም። አንድ አባት በገበያ ቀን ወደ ቢሮዬ መጥተው ልጃቸውን ከሰማይ በወረደ ነገር እንዳጡ ነገሩኝ። የካሳ አቤቱታ ጻፍልኝ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «የተኮሰውንስ እግዜር ያውቀዋል፤ ዕቃውን የሸጠውን ሹም ክሰስልኝ» አሉኝ። አብሯቸው የመጣው የወንድማቸው ልጅ ጣልቃ ገባና «ጋሼ፣ እሱ እኮ የሄግ ሥራ ነው» አላቸው። እሳቸውም ዞረው «እንግዲያው ለሄግ ጻፍልኝ» አሉኝ።

ይህች «የሄግ ሥራ ነው» የምትል አነጋገር ሰልችታኛለች። ሮብ ገበያ ላይ ከገበሬ እሰማታለሁ፣ ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ከሙያ ባልደረቦቼ እሰማታለሁ። ተስፋ ትመስላለች፤ ሥራዋ ግን ነገሩን ከእጃችን አውጥቶ ሩቅ አገር መስቀል ነው።

ሄግ ያለው የዓለም አቀፍ ወንጀል ፍርድ ቤት አባል አይደለንም። ለኢትዮጵያ ድሮን አቀረቡ እየተባሉ ስማቸው የሚነሣው ቱርክ፣ ኢራን፣ ቻይናና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም አባል አይደሉም። የቀረው ዋና በር የጸጥታው ምክር ቤት ነው፤ እዚያ ደግሞ ከእነዚሁ አንዷ ቻይና ድምፅን በድምፅ የመሻር ሥልጣን ይዛ ተቀምጣለች። በሩ ቢከፈት እንኳ የሮም ስምምነት አንቀጽ 25 በዕርዳታ የተባበረን ሰው የሚቀጣው ድርጊቱን ወንጀሉ እንዲፈጸም «በማሰብ» ሲያደርገው ነው። ገንዘብ ፈልጎ የሸጠ ሹም በዚህ ቀዳዳ ይሾልካል።

ሌላው እምነት የዚህ መንታ ነው፦ «መንግሥት ለመንግሥት ከሸጠ ሕጋዊ ነው፤ ሻጭ አይጠየቅም።» ይህን የሚሉኝ ጠበቆች፣ በወሰን ተጣልቶ ሊገድል ለተነሣ ዘመዱ ጠመንጃውን እያወቀ ያዋሰ ገበሬ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 37 በአባሪነት ሲከሰስ «ማዋስ ሕጋዊ ነው» ብለው ተከራክረው አያውቁም። አንቀጽ 58 ደግሞ ከሮም ስምምነት ይልቅ ሰፊ ነው። ውጤቱ ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ፣ የመጣው ይምጣ ብሎ ያደረገ ሰው እንዳሰበ ይቆጠራል። ለገበሬው የሚሠራ ሕግ ማኅተም ለያዘ ሰው የማይሠራበት ምክንያት በሕጉ ውስጥ አልተጻፈም።

ማኅተም የያዘ አቀባይም ተፈርዶበት ያውቃል። የላይቤሪያው ፕሬዚዳንት የነበረው ቻርልስ ቴይለር ድንበር አሻግሮ ለሴራሊዮን አማፅያን መሣሪያና ጥይት አቀብሏል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በሴራሊዮን ልዩ ፍርድ ቤት 50 ዓመት ተፈረደበት። ይግባኙን በ2013 የሰማው ችሎት፣ የዕርዳታ ሰጪው ማወቅ ይበቃል፣ ማሰቡን ማስረዳት አያስፈልግም ብሎ ፍርዱን አጸናው።

«የውጭ አገር ሚኒስትር ያለመከሰስ መብት አለው» የሚል መልስ ይመጣብኛል። እውነት ነው፤ የዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 በኮንጎና በቤልጂየም ክርክር በሥልጣን ላይ ያለ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በሌላ አገር ፍርድ ቤት አይከሰስም ብሏል። ነገር ግን ያው ውሳኔ፣ በገዛ አገሩ ፍርድ ቤት ፊት ይህ ከለላ እንደሌለው ጨምሮ ይናገራል። የእኛ ሰዎች የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አንብበው መጽሐፉን ይዘጉታል።

በሩ ያለው እዚያ ነው፣ በሻጩ አገር። የጦር መሣሪያ ፈቃድ አየር ላይ አይሰጥም፤ ማመልከቻ አለው፣ መርማሪ አለው፣ ፊርማና ቀን አለው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 የኔዘርላንድስ መንግሥት ለእስራኤል የኤፍ-35 መለዋወጫ መላኩን በ7 ቀን ውስጥ እንዲያቆም ታዘዘ። ያዘዘው ፍርድ ቤት ሄግ ከተማ ውስጥ ነው፤ ግን የአገሬው ተራ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ነው፤ ከሳሾቹም የሲቪል ድርጅቶች ናቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2025 ትእዛዙን አላልቶ መንግሥት ፈቃዱን በ6 ሳምንት ውስጥ ራሱ እንደገና ይመርምር ቢልም፣ ያለ ምርመራ ይቀጥል ግን አላለም።

የጣሊያኑ ለእኛ የበለጠ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 የመን ውስጥ ዴይር አል ሐጃሪ በምትባል መንደር ቦምብ ወድቆ 6 የአንድ ቤተሰብ ሰዎች ሞቱ። ከፍርስራሹ የተገኘ የቦምብ ማንጠልጠያ ብረት ላይ የነበረው ምልክት ሰርዲኒያ ወዳለው ፋብሪካ መራ። በዚያች ብረት ተነሥቶ በ2018 በሮም አቤቱታ ቀረበ፤ በኩባንያው ሰዎች ላይ ብቻ ሳይሆን ፈቃድ በሚሰጠው መሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም ላይ። መዝገቡ በ2023 ያለ ክስ ተዘጋ። ሆኖም ክርክሩ እየተካሄደ ሳለ፣ በጥር 2021፣ የጣሊያን መንግሥት ለሳዑዲ ዓረቢያና ለኤምሬቶች የሰጠውን የቦምብ ፈቃድ ሰረዘ። ወኅኒ የገባ የለም፤ ቦምቡ ግን በዚያን ጊዜ ቆመ።

«ቱርክ ጣሊያን አይደለችም» ትሉኝ ይሆናል። አይደለችም፤ ዓለም አቀፉን የጦር መሣሪያ ንግድ ስምምነትም ፈረመች እንጂ አላጸደቀችም። ነገር ግን ድሮን የአንድ አገር ዕቃ አይደለም። በቱርኩ ባይራክታር ላይ የተገጠመው ካሜራ የካናዳ ነበር፤ በናጎርኖ ካራባክ ጦርነት መዋሉ ሲታወቅ ካናዳ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 ፈቃዶቹን ሰርዛለች። ካናዳ የስምምነቱ አባል ናት፤ ፍርድ ቤቷም ክፍት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ሸጠው?» ብቻ ሳይሆን «ውስጡ ምን አለ?» ነው።

በእነዚህ ጉዳዮች ሁሉ ክርክሩ የሚወድቀውና የሚነሣው ፈራሚው በፈረመበት ቀን ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም በሚለው ላይ ነው። የቱርክና የኢትዮጵያ ወታደራዊ ስምምነት የተፈረመው ነሐሴ 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። የዚያን ቀን ፈራሚ «አልገመትሁም» ሊል ይችላል። በታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ ደደቢት በተፈናቃዮች መጠለያ ላይ ከ50 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ግን ስብርባሪው ተነሥቶ ታየ፤ ቱርክ ሠራሽ ማም-ኤል የተባለ ቦምብ መሆኑ ታወቀ። የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ኮሚሽንም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ድርጊቱ የጦር ወንጀል ነው ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት አለ ሲል ጻፈ። ከዚያ በኋላ የፈረመ ሁሉ እያወቀ ፈርሟል።

የእኛን ሰፈር በዚህ ዓይን እዩት። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ላይ 26 ሰዎች ሞቱ ተባለ። ጥቅምት 29 ቀን 2016 ዓ.ም. ዋብር አውቶቡስ ሲጠብቁ የነበሩ 13 ሰዎች በድሮን መገደላቸውን የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ቢሮ አስታወቀ። ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ገደብ ላይ ከ100 በላይ ሰዎች መሞታቸው ተዘገበ። ቀኖቹ አሉን። በየቦታው የወደቀው የየትኛው ፋብሪካ ዕቃ እንደሆነ የሚናገረው ብረት ግን የት ገባ? ከፊሉን ዝናብ በላው፣ ከፊሉ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ተሸጠ፣ ከፊሉ ልጅ መጫወቻ ሆነ።

ቢሮዬ የሚመጣው ደንበኛ «ፍልሰታ ገባ ከተባለ በኋላ» ይለኛል። ይህ ቀን አይደለም። ባልደረቦቼ ደግሞ ሦስት ገጽ የምሬት ጽሑፍ አዘጋጅተው ሰዓቱን ይረሱታል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የምንሠራበት ግን ጥቂት ነን። የዕድር መዝገብ የቀብር ቀን ይይዛል። ጤና ጣቢያ ቁስሉን ይጽፋል። ስልክ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ብረቱን ሳይነኩ፣ ያልፈነዳ ሊሆን ስለሚችል ራቅ ብለው፣ የተጻፈበት ፊደልና ቁጥር እስኪነበብ አጉልተው ማንሣት ይቻላል።

ይህን ስል ለአንድ ወገን እየጻፍሁ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በሰላማዊ ሰው ላይ ለሚተኩስ ታጣቂ ጥይት እያወቀ የሚያቀብልም በአንቀጽ 37 ፊት ያው አባሪ ነው፤ መዝገቡም በዚያው ጥንቃቄ መያዝ አለበት።

የደርግ ባለሥልጣናት ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ ሲባሉ በብዛት ያስያዛቸው የራሳቸው ወረቀት ነበር። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ሥራውን የጀመረው ነገሩ ከተፈጸመ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ የግድያ ትእዛዙ ግን ቀንና ፊርማ ይዞ ቁጭ ብሎ ጠበቀው። ለዚያው መንግሥት መሣሪያ ያጎረፉትን የሶቪየት ሹማምንት የጠየቀ የለም። ሕግ ስለሌለ ሳይሆን፣ ከእኛ በኩል «ይህ ዕቃ በዚህ ቀን ይህን ሰው ገደለ» የሚል መዝገብ ይዞ በራቸውን ያንኳኳ ስላልነበረ ይመስለኛል።

አሁን የምንጽፈው ነገ ችሎት ላይቀርብ ይችላል። አንካራ ውስጥ የሚሰማው ዳኛ ላይገኝ ይችላል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት አንድ ሹም የፈቃድ ወረቀት ፊቱ ሲቀርብለት «አላውቅም ነበር» የሚል መከላከያ ይኑረው አይኑረው የሚወስነው ሄግ አይደለም። የሚወስነው እዚህ በየቀበሌው የምንይዘው ወይም የማንይዘው መዝገብ ነው።