ወሩን ሙሉ የት ዋላችሁ?

የወር መጨረሻ ሲደርስ ብዙ ቢሮ ውስጥ ያው ትርምስ ነው። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ «ማክሰኞ ምን ስሠራ ነበር?» እያለ የቴሌግራም መልእክቱን ወደ ኋላ ይጎትታል። ታይምሺት መሞላት አለበታ! በተለይ በለጋሽ ገንዘብ የሚሠሩ ድርጅቶች ውስጥ የአንድ ሰው ደመወዝ ከሁለትና ከሦስት ፕሮጀክት ሊከፈል ይችላል። ማን በየትኛው ላይ ስንት ሰዓት እንደሠራ ካልታወቀ ኦዲተር ሲመጣ መልስ የለም።

እኔም በፍሪላንስ ከማገኛቸው ሥራዎች አንዱ ይሄ ነው፤ ሠራተኞች የሞሉትን ሰብስቦ በፕሮጀክት መደመር። ድምሩ ራሱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ኤክሴል ወይም ጉግል ሺትስ ላይ ፒቮት ቴብል ትከፍታላችሁ፣ ፕሮጀክቱን ሮውስ ላይ፣ ወሩን ኮለምስ ላይ፣ ሰዓቱን ቫልዩስ ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ በቃ። ፓወር ቢአይ ላይ ማትሪክስ የሚባለውም ያው ነው። ጣጣው ያለው ከዚያ በፊት ነው።

አንድ ድርጅት ውስጥ የውሃ ፕሮጀክቱ ሦስት ሆኖ መጣልኝ። አንዱ «ውሃ»፣ ሌላው «ውሀ»፣ አንዷ ደግሞ «ውኃ» ብላ ጽፋለች። ለጆሯችን አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ስለሆኑ ለየብቻ ደመራቸው። ኃላፊው የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ከፍቶ አየና «እሷ ታዲያ ወሩን ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር?» አለ። የልጅቷ ኮንትራት ሊታደስ ወይም ሊቋረጥ የቀረው ጥቂት ሳምንት ነበር። ሦስቱን መስመር ስናዋህዳቸው ብዙ ሰዓት ከሠሩት አንዷ እሷ ሆና ተገኘች። ጥፋቷ «ኃ»ን እንደ ድሮ ሰው መጻፏ ብቻ ነበር!

መፍትሔው ቀላል ነው፤ የፕሮጀክት ስም ማንም በእጁ አይጻፍ። ጉግል ፎርም ላይ ድሮፕዳውን አድርጉት፣ ሰው በስልኩ ይመርጣል፣ መልሱ በቀጥታ ሺቱ ውስጥ ይገባል።

የሰዓት አቆጣጠራችንስ? አንዱ «2:30 ገባሁ» ይላል፣ ሌላው «8:30»፤ ሁለቱም ጠዋት ነው። መግቢያውን በፈረንጅ 8:30፣ መውጫውን በእኛ 11:30 የጻፈ ሰው ቀኑን ሙሉ ውሎ 3 ሰዓት ብቻ የሠራ ይመስላል። ወርም እንደዚሁ ነው፤ ሐምሌ 1 ማለት ጁላይ 8 ስለሆነ ሐምሌንና ጁላይን አንድ ኮለም ውስጥ መክተት አይቻልም። ኤክሴልም የራሱ ተንኮል አለው፦ ድምሩ በተራ የሰዓት ፎርማት ከሆነ 26 ሰዓት «2:00» ሆኖ ይታያል፤ 24ቱን እንደ አንድ ሙሉ ቀን ቆጥሮ ይደብቀዋል። ጉግል ሺትስ ላይ ዱሬሽን የሚለውን ፎርማት ምረጡ፣ ኤክሴል ላይ ደግሞ በ24 አባዙትና ተራ ቁጥር አድርጉት።

ይሄ ሁሉ ተስተካክሎም ግን በፕሮጀክት የተደመረ ሪፖርት አንድ ነገር አያሳይም፤ ሰውየውን። እንበልና አንድ ሠራተኛ በሳምንት ሦስት ፕሮጀክት ላይ 18፣ 18 ሰዓት ሠራ። ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት 18 ሰዓት ምንም አይደል፣ እንዲያውም ትንሽ ነው። ሰውየው ግን 54 ሰዓት ሠርቷል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ላይ ይገድበዋል። የተረፈው 6 ሰዓት የትርፍ ሰዓት ነው፤ በአዘቦት ቀን፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት የተሠራ ከሆነ እያንዳንዱ ሰዓት በ1.5 ተባዝቶ ይከፈላል። ማለትም የ9 ሰዓት ክፍያ። በሪፖርቱ ላይ ግን ይህ 6 ሰዓት የትም የለም። ማንም አልሰረቀውም፣ ፕሮጀክቶቹ መሃል ወድቆ ቀረ እንጂ። ኢኮኖሚክስ ስንማር ሰዓት ውስን ሀብት ነው ይሉን ነበር፤ የማን ሀብት እንደሆነ ግን የሚወስነው ሮውስ ላይ የምናስቀምጠው ነገር ሳይሆን አይቀርም።

ሪፖርቱን የምትሠሩት እናንተ ከሆናችሁ ሁለተኛ ፒቮት ጨምሩ፦ ሮውስ ላይ የሠራተኛው ስም፣ ኮለምስ ላይ ሳምንቱ፤ ከ48 በላይ የሆነውን በቀይ አቅልሙት። ሞልታችሁ የምትልኩ ብቻ ከሆናችሁ ደግሞ ሰብሚት ከማለታችሁ በፊት ስክሪንሾት አንሱ፤ ቅዳሜ ማታ ሁሉንም ፕሮጀክት አንድ ላይ በስልካችሁ ካልኩሌተር ደምሩት።