በአየር ለሚጓዝ ነጋዴ፤ ስለ መድኃኒትና ስለ ጓዝ አያያዝ

የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ ከቤቱ ሲነሣ መንገዱ ወራት እንደሚፈጅበት ያውቅ ስለ ነበር ስንቁንና ጭነቱን አስቀድሞ ያሰናዳ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የውጭ አገር በረራ ወደ ካይሮ ካደረገ ወዲህ ሩቁ አገር እየቀረበ ሄዶ፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ነጋዴ ማታ ከቦሌ ተነሥቶ በማግሥቱ ዱባይ ወይም ጓንዡ ገበያ ላይ ይገኛል። መንገዱ ማጠሩ ግን የዝግጅቱን አስፈላጊነት አልቀነሰውም። በአየር የሚሄድ ሰው ሻንጣውን አንድ ጊዜ ለአየር መንገዱ ካስረከበ በኋላ እስኪደርስ ድረስ ሊከፍተው አይችልምና፣ በጕዞ ላይ የሚያሻው ነገር ሁሉ ከእጁ ሊርቅ አይገባም። ከዚህም ሁሉ ዋነኛው መድኃኒት ነው።

ከነጋዴዎቻችን መካከል የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የአስም ሕመም ኖሮባቸው በየቀኑ መድኃኒት የሚወስዱ ጥቂቶች አይደሉም። እነዚህ ሰዎች መድኃኒታቸውን በትልቁ ሻንጣ ከትተው ሻንጣው ወደ ሌላ ከተማ ቢሄድባቸው የሚደርስባቸው ጉዳት የጤና ብቻ ሳይሆን የንግድም ነው። ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጓንዡ የሚደረገው የካንቶን ትርኢት በዓመት ሁለት ጊዜ ሲከፈት እያንዳንዱ ክፍል የሚቆየው 5 ቀን ብቻ ነው። መድኃኒት ፍለጋ ሁለት ቀን የተንከራተተ ነጋዴ የመጣበትን ጊዜ እኩሌታ ሊያጣ ምን ቀረው?

ስለዚህ መድኃኒት ሁልጊዜ በእጅ ቦርሳ ይያዝ። መጠኑም ለጕዞው ቀናት የሚበቃውንና መመለሻው ቢዘገይ ለጥቂት ቀናት የሚሆን ትርፍ የጨመረ ይሁን። ክኒኑን ከማሸጊያው አውጥቶ በብልቃጥ መቀላቀል አይገባም፤ ስሙ በተጻፈበት በራሱ ካርቶን እንዳለ መያዝ ነው። የሐኪሙ ማዘዣና አጭር የምስክር ወረቀት በእንግሊዝኛ ተጽፎ አብሮ ይኑር። በወረቀቱም ላይ የፋብሪካው የንግድ ስም ብቻ ሳይሆን የመድኃኒቱ ዓለም አቀፍ ስም ይጻፍ፤ የንግድ ስም ከአገር አገር ስለሚለያይ የውጭው ባለ መድኃኒት ቤት የሚያውቀው ይህኛውን ነውና።

የሰዓቱም ነገር ሊታሰብበት ይገባል። ኢስታንቡል ከእኛ ጋር እኩል ናት፤ ዱባይ በ1 ሰዓት፣ ጓንዡ ግን በ5 ሰዓት ይቀድሙናል። በእኛ ጧት 2 ሰዓት ሲሆን የጓንዡ ሰዓት ከቀትር በኋላ 1 ይላል። በተለይ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው የሚወስድበትን ሰዓት ከመሄዱ በፊት ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ በወረቀት ላይ ያስፍር።

ኢንሱሊንን ካነሣን ዘንድ፣ ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል። አንድ ጊዜ በረዶ ከሆነ ግን ቢቀልጥም እንኳ ለሥራ አይውልም፤ ስለዚህ በአውሮፕላኑ የጭነት ክፍል አይላክ፣ ከበረዶ ከረጢትም ጋር ቆዳ ለቆዳ ሳይገናኝ በጨርቅ ይጠቅለል። ብርቱ ሙቀትም ያበላሸዋልና የዱባይ ፀሐይ በሚመታው መኪና ውስጥ አይተው።

ፈሳሽን የሚመለከተው ሥርዓት የመጣው በነሐሴ 1998 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር አውሮፕላኖችን በፈሳሽ ፈንጂ ለማጥፋት የተደረገ ሤራ ከተደረሰበት በኋላ ነው። አንዳንድ የአውሮፕላን ጣቢያዎች በአዲስ የመመርመሪያ መኪና ሥርዓቱን ቢያላሉም፣ በብዙዎቹ ዛሬም በእጅ ቦርሳ የሚያዝ ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ዕቃ ሆኖ አንድ ሊትር በሚይዝ ግልጽ ከረጢት መግባት አለበት። ለጕዞው አስፈላጊ የሆነ ፈሳሽ መድኃኒት ከዚህ ነጻ ነው፤ ነገር ግን ለመርማሪው አስቀድሞ መንገርና ማዘዣውን ማሳየት ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የየአገሩ ሕግ ነው። በአንዱ አገር ሐኪም የሚያዝዘው ማስታገሻ በሌላው አገር እንደ አደንዛዥ ዕፅ ሊቈጠር ይችላል። ለምሳሌ ትራማዶልና ኮዴይን ያለባቸው መድኃኒቶች ወደ ተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች የሚገቡት ከዚያው አገር መንግሥት አስቀድሞ ፈቃድ ሲገኝ ነው። የማያውቅ ሰው ሕጉን ባለማወቁ ከእስራት አይድንም። በዚህም ምክንያት የአደራ ዕቃ ነገር ብርቱ ጥንቃቄ ይሻል። «ይህችን መድኃኒት ለወንድሜ አድርስልኝ» ሲባል እምቢ ማለት በባህላችን ይከብዳል፤ ይሁን እንጂ በመንገደኛው ቦርሳ የተገኘ ነገር ሁሉ በሕግ ፊት የመንገደኛው ነው። ምንነቱን ያላወቁትንና ማዘዣ የሌለውን ዕቃ አለመቀበል ነውር አይደለም።

ሲመለሱም ለሽያጭ የሚሆን መድኃኒት በሻንጣ ይዞ መምጣት ፈጽሞ አይገባም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት መድኃኒት ለንግድ ማስገባት ፈቃድና ምዝገባ የሚጠይቅ ሥራ ስለ ሆነ፣ ይህን የሚያደርግ ሰው ገንዘቡንም ስሙንም ያጣል።

ወደ ጓዙ ስንመለስ፣ በብዙ መሥመሮች የአንድ ሻንጣ ልክ 23 ኪሎ ሲሆን ከ32 ኪሎ የበለጠውን አየር መንገዶች እንደ ተራ ጓዝ አይቀበሉም፤ ከቤት መዝኖ መውጣት ከወረፋ ፊት ሻንጣ ከመፍታት ያድናል። ትርፍ የሊቲየም ባትሪና ፓወር ባንክ እሳት ሊያስነሡ ስለሚችሉ በእጅ ቦርሳ እንጂ በጭነት አይገቡም፤ ከ100 ዋት ሰዓት የሚበልጡትም የአየር መንገዱን ፈቃድ ይሻሉ። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ባለው ተራራ ላይ እንዳለው አየር የሳሳ ነው። ስለዚህ በባሕር ጠረፍ በዱባይ የተከደነ ሽሮፕ ወይም ቅባት አየሩ እየሰፋ ሊፈስ ይችላል፤ የፕላስቲኩን ዕቃ ጨምቆ አየሩን አስወጥቶ መክደንና በከረጢት መጠቅለል ይበጃል።

ጓዝ ቢጠፋስ? በ1991 ዓ.ም. የተፈረመውና ኢትዮጵያም የገባችበት የሞንትሪያል ስምምነት ለመንገደኛው መብት ሰጥቶታል። የአየር መንገዱ ኀላፊነት ጣሪያ ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ወዲህ ለአንድ መንገደኛ 1,519 ኤስ.ዲ.አር. ሲሆን፣ ይህ የዓለም የገንዘብ ድርጅት መለኪያ በአሜሪካ ዶላር ወደ 2,000 ገደማ ነው። የተጎዳ ጓዝ ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ በ7 ቀን፣ የዘገየም እጅ ከገባበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተመለከተ መብቱ ይቀራል። ከዚህ ጣሪያ በላይ ዋጋ ያለው ናሙና የያዘ ነጋዴ ሲያስረክብ ዋጋውን አስታውቆ ተጨማሪ ሒሳብ ይክፈል፤ አለዚያም በመድን ይሸፍነው።

በጠቅላላው መድኃኒት፣ ማዘዣ፣ ፓስፖርት፣ የውል ወረቀትና ገንዘብ በእጅ፤ ልብስና ናሙና በሻንጣ ይሁኑ። የሻንጣውን ቍጥር የያዘችውን ትንሽ ወረቀት እስከ መጨረሻው መጠበቅ ነው። ነጋዴ ዕቃው ቢጠፋ ሌላ ይገዛል፤ ጤናው ከጐደለ ግን ገበያውን ሊያየው አይችልም።